አርብ ምን ትለብሳላችሁ?

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ይህን የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው፣ በዋዜማው። ውጭ ካፊያ አለ። መናኸሪያ አካባቢ መንገዱ ጭቃ ነው። ዶሮ ያንጠለጠለው፣ ቄጠማ የተሸከመው፣ ሽንኩርት በፌስታል የያዘው እየተጋፋ ያልፋል፤ ባጃጆቹም ውሃውን እየረጩ ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ልጅ አደይ አበባ በእቅፏ ሙሉ ይዛ ቆማ አየሁ። ቢጫው ከሩቅ ይጣራል። ሌሎቻችን ጥቁር ጃኬት፣ ግራጫ ሹራብ፣ ቡኒ ሻርፕ አድርገን በአጠገቧ እናልፋለን። ቆሜ አበባውን ገዛሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

በዓሉ ሐሙስ ነው። ሐሙስ አያሳስበኝም። ሐሙስ ሁላችንም እናምራለን፤ ነጩ ይወጣል፣ ጥለቱ ይደምቃል፣ ልጆች በከለር ያስዋቡትን የአበባ ሥዕል ይዘው በር ያንኳኳሉ፣ ቤቱም ሰውም ቀለም በቀለም ይሆናል። እኔ ልጠይቃችሁ የፈለግኩት ስለ ማግስቱ ነው። አርብ መስከረም 2 ሥራ አለ። አርብ ምን ትለብሳላችሁ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ።

ዓምና ጳጉሜ ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ አውጥቼ አጠብኩ። ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ አስጥቼ ስጨርስ ጎረቤታችን እትዬ ብቅ አሉ። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ከልሽን እስካሁን አላወለቅሽም እንዴ?» አሉኝ።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ከል የለበስኩት ዓመት ሙሉ ነው፣ እንደ ወጉ። በዚያ አልጸጸትም። አባቴን እወደው ነበር፤ ጥቁሩም አፍ አውጥቼ መናገር የማልችለውን ይናገርልኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው እንኳ አይቶ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። ዓመቱ ሲሞላ አወለቅኩት። ግን እጄ ለምዶ ቀረ። ሱቅ ገብቼ ምንም ዓይነት ልብስ ቢኖር እጄ የሚሄደው ወደ ጥቁሩ፣ ወደ ግራጫው፣ ቢበዛ ወደ ቡኒው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስገዛ ቆይቼ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም። እትዬ ናቸው ያዩልኝ። ሰው ሐዘኑ አልፎ ልብሱ ብቻ ሊቀር እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ፣ ገመዱ ሥር ቆሜ።

በእርግጥ ጥፋቱ የሐዘን ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን ልጅ ሆነን ጀምሮ የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ቆሻሻ ይችላል»። እናቶቻችን ሹራብ ሲገዙልን፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲመርጡ፣ «ይሄኛው ቆሻሻ ይችላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በእጅ ለምታጥብ እናት፣ ውሃ አንዳንዴ ለሚጠፋበት ሰፈር፣ ትልቅ ምክንያት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሐዋሳ አቧራ ነጣ ያለ ነው፤ በበጋ ጥቁር ሱሪ ለብሳችሁ ከቤት ወጥታችሁ ሥራ ስትደርሱ እዩት፣ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጥቁር ሙቀት ይስባል። ይልቅ ሰናፍጭ ቢጫው፣ የሣር አረንጓዴው፣ የጡብ ቀዩ ከጥቁሩ የበለጠ አቧራ ይችላሉ። ዓመት ሙሉ ለብሼ ያረጋገጥኩት ነው።

ከየት ልጀምር ብዬ ስጨነቅ መልሱን ያገኘሁት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከተሰቀለው የበዓል ልብስ ነው። የሐበሻ ቀሚስን አስቡት። አብዛኛው ነጭ ነው፣ ዝም ያለ። ቀለሙ ያለው ዳር ላይ ነው፤ ግርጌው ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ደረቱ ላይ ወርዶ። ጥለት እንለዋለን፣ ጥበብም እንለዋለን። ጥበብ! አያቶቻችን ለዚያ ባለ ቀለም ጠርዝ የሰጡትን ስም ልብ በሉት። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ድሩን ወጥሮ ማጉን ሲያመላልስ ቀኑን ሙሉ ነጭ በነጭ ነው የሚሠራው፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል፣ ክሩን ይለውጣል፣ እየቆጠረ በጥንቃቄ ይሄዳል። በጣት የሚለካው ጥለት ከክንዱ ነጭ በላይ ጊዜ ይፈጃል። ቦታውም በዘፈቀደ አይደለም። ለቅሶ ሲሆን ነጠላው ተዘቅዝቆ ይለበሳል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ያው ነጠላ ነው፣ ያው ክር ነው፣ ቀለሙ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ወሬውን ይለውጠዋል። እንግዲህ እኛ እንዲህ ያለ እውቀት ይዘን ነው ቀለም አልችልበትም የምንለው።

ሌላ ዓይነትም አለን፤ ለደፋሮቹ። ወላይታና ጋሞ ዘንድ ዱንጉዛውን አይታችኋል፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ጎን ለጎን ተሰድሮ። እሱ ዳር ላይ አይጠብቅም፣ መሃሉን ነው የሚይዘው። እኔ እዚያ ገና አልደረስኩም።

እኔ የጀመርኩት በጥለት ሒሳብ ነው። ጥቁሩን ልብሴን አልጣልኩትም፣ ለመጣልም አቅሙ የለኝም፣ በተለይ መስከረም ላይ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ባለበት ወር። ጥቁሩን እንደ ነጩ ሸማ ቆጠርኩት፣ ዝም ያለ መደብ። ጠርዝ ብቻ ጨመርኩለት። መጀመሪያ ቢጫ ሻርፕ። ሻርፑን አድርጌ ቢሮ የገባሁ ቀን አምስት ሰው «ዛሬ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዷ «ልደትሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ግን መልሼ አደረግኩት። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አልጠየቀኝም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያቆመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰው የሚገረመው ለውጡን አይቶ እንጂ ቀለሙን ጠልቶ አይደለም፤ ቶሎ ይለምዳል።

ሁሉም አልተሳካም። ደፈር ብዬ ሙሉ ቀይ ቀሚስ ገዛሁ፣ እስካሁን ተሰቅሏል። አንድ ወይን ጠጅ ሸሚዝ ደግሞ ከእናቴ ነጠላ ጋር አንድ ላይ ዘፍዝፌ ነጠላው ፈዛዛ ሮዝ ሆነ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ እባካችሁ አዲስ ባለ ቀለም ልብስ ሲገባ መጀመሪያ ለብቻው እጠቡት። ከዚያ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ውስጠኛውን ስፌት ሸት ሸት አድርጉት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱ ይለቃል ማለት ነው። በረኪና አታስጠጉት። ስታሰጡ ገልብጣችሁ፣ ጥላ ውስጥ፤ የእኛ ፀሐይ ቀለም ትበላለች።

ከሁሉ በላይ ያገዘኝ ግን አዲስ ነገር አይደለም። የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ነበር፣ ሸማው ሳስቶ እዚህም እዚያም የተቀደደ። ጥለቱ ግን እንዳለ ነው፣ አረንጓዴና ወርቃማ። መንገድ ዳር ሲንጀር ዘርግቶ ለሚሰፋ ልጅ ሰጠሁት። ጥለቱን ፈቶ በነጭ ሸሚዜ አንገትጌና በእጅጌው ጫፍ ላይ ሰፋልኝ። እንደዚህ ያለ ቀሚስ በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ታጥፎ አለ፣ ለመጣል ያሳዝናል፣ ለመልበስ አይሆንም። አውጡት።

ሰልቫጅ ተራም ሂዱ። ሐምራዊ ሹራቤን ያገኘሁት እዚያ ነው። ስለ ሐምራዊ አንድ የማልረሳው ታሪክ አለ። በጥንት ዘመን ይህ ቀለም ከባሕር ቀንድ አውጣ ይወጣ ነበር፣ ለትንሽ ጨርቅ ሺዎች ያልቃሉ፣ ስለዚህ የሚለብሱት ነገሥታትና ባለጸጎች ነበሩ። በ1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ፣ በፋሲካ ዕረፍቱ፣ ቤቱ ውስጥ ኪኒን ለመሥራት ይሞክራል፤ የወባ መድኃኒት ማለት ነው። ከድንጋይ ከሰል ዝፍት በሚወጣ ነገር ነበር የሚሞክረው። ኪኒኑ አልወጣም። ዕቃውን ሲያጥብ ግን ሐምራዊ ቀለም አየ፣ ጨርቅ ላይ ሞከረው፣ ያዘለት። በፋብሪካ የሚመረት ቀለም ከዚያ ተነሣ፣ የነገሥታት የነበረውም ለሁሉም ሰው ደረሰ። እኛ ወባን በደንብ የምናውቅ የሐዋሳ ሰዎች ነን። ያን ሹራብ ስለብስ ትዝ ይለኛል፣ ለወባ ተብሎ በተጀመረ ሥራ የተገኘ ቀለም ነው የለበስኩት።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልግባ። «ይሄ ቀለም ለጠቆረ ሰው አይሄድም» የሚባለው። ስንት ሴት ልጅ ይህን ከሱቅ ነጋዴ፣ ከአክስቷ፣ ከጓደኛዋ ሰምታ ቢጫውን መልሳ ሰቅላለች? ውሸት ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫ ያበራል። ብርቱካናማ ያበራል። ደማቅ ሰማያዊ እንዲያውም ቤቱን ያገኘ ይመስላል። ጠይም ነኝ፣ ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ፣ መስታወቴም ዋሽቶኝ አያውቅም። «በዚህ ዕድሜዋ» የሚባለውም ያው ነው። ወንዶችም አላችሁ፤ የበዓል ሸሚዛችሁ ደረት ላይ ያለችውን ጥለት በኩራት ለብሳችሁ ትወጡና ሰኞ ላይ ሰማያዊ ካልሲ እንኳ ያስፈራችኋል። ይሉኝታ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፣ ለካልሲ ግን አያስፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ወርጄ ነበር። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው አባ ኮዳ የሚባለውን ወፍ ነው፣ ግዙፍ ነዋ፣ ጥቁርና አመድማ ካባ ደርቦ የቆመ ሽማግሌ ይመስላል። እኔ ደንገሉን ነበር የማየው። አንዲት ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍ ጫፉ ላይ አረፈች፤ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ መንቆሯ ቀይ። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ያን ቀን ግን ቆሜ አየኋት። ውሃው ላይ ተወረወረች፣ ትንሽ ዓሣ ይዛ ተመለሰች። ለሥራ የምትወጣው በዚያው ልብሷ ነው። ሌላ የላትም።

ይህች ከተማ ሁለት አዲስ ዓመት ታከብራለች። ሲዳማ ፊቼ ጨምበላላን ሲያከብር ጉዱማሌ የሚሞላውን ሕዝብ ያየ ሰው ሐዋሳ ቀለም እንደማይፈራ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን እህቶቻችን ለዓለም ልብስ ይሰፋሉ። ቋንቋችንም ቢሆን ቀለሙን የሰየመው ከሚታየው ነገር ነው፤ ሰማያዊ ከሰማይ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ ቡናማ ከቡና፣ አመድማ ከአመድ። ሰማዩም ብርቱካኑም በየቀኑ አሉ። እኛ ግን ከመካከላቸው አመዱን ለሥራ ቀን መርጠን ሌላውን ለበዓል አስቀመጥነው።

እኔ የአርቡን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅያለሁ። ጥቁር ሱሪ፣ የእናቴ ጥለት ያለበት ነጭ ሸሚዝ፣ ቢጫው ሻርፕ።

ዛሬ ከሰዓት ለእትዬም ትንሽ ስጦታ ይዤ ገባሁ። ቀይና ብርቱካናማ ጥለት ያለው ነጠላ ነው። «ኧረ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። ግን ዘርግተው ጥለቱን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ ሊከቱት ሲሉ፣ «እትዬ፣ ለሐሙስ ብቻ እንዳይሆን፤ አርብም ገበያ ሲሄዱ ይልበሱት» አልኳቸው። ሳቁ። እሺም እምቢም አላሉኝም። ነጠላውን ግን ሳጥኑ ውስጥ አልከተቱትም፣ ወንበሩ ላይ አኖሩት።

አርብ ጠዋት በር ላይ ቆሜ አያለሁ። እናንተም የለበሳችሁትን ንገሩኝ። መልካም በዓል!