የሩፋኤል ዝናብ የያዘን ቀን

እናቴ አዲስ አበባን ለመጨረሻ ጊዜ ካየች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ ያለፈውን እንቁጣጣሽ ቀበና ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ጋር እንድናሳልፍ ስነግራት ሁለት ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ አንደኛው ፍልውሃ ገብታ ጉልበቷን እንድትታጠብ፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረም 1 ቀን እንጦጦ ወጥታ የራጉኤልን ንግሥ እንድታከብር ነበር። ጳጉሜን 2 ቀን ገና ሳይነጋ ከድሬዳዋ ተነሥተን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአንድ ቀን ጨርሰን ማምሻውን አዲስ አበባ ገባን። ከጉዞው የማስታውሰው አዋሽን ስንሻገር እናቴ በመስኮት ቁልቁል አይታ «ሞልቷል» ማለቷን ብቻ ነው።

የእህቴ ቤት ሁለት ልጆች ያሉበት አንድ ክፍል በመሆኑ ለገሃር አካባቢ በስልክ የያዝኩት የእንግዳ ማረፊያ አደርን። በፎቶግራፍ ያሳዩኝ ፀሐይ የሚገባበት የፎቅ ክፍል ነበር፤ የሰጡን ግን ከመንገዱ አምስት ደረጃ ወደ ታች የሚወረድበት፣ መስኮቱ ከእግረኛ ጫማ ትይዩ የሆነ ክፍል ነው። የፎቁ ክፍሎች ለበዓል እንግዶች ተይዘዋል አሉ። ለአንድ ሌሊት 1,800 ብር፣ የሦስቱም ሌሊት አስቀድሞ የሚከፈል ነበርና ደክሞኝ ስለነበር ሳልከራከር ከፈልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ቀለሙ ተላልጧል፤ ብርድ ልብሱም የሻጋታ ሽታ ነበረው። በእኛ አገር ሙቀት ሲበረታ ፍራሽ አውጥቶ በረንዳ ላይ መተኛት የተለመደ ነው። እናቴ ያንን የለመደች ሴት ናትና ከነጋቢዋ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልላ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ሰማኋት።

በማግሥቱ ጠዋት ፍልውሃ ሄድን። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። እናቴ ግን ቅር አላላትም፤ ከጎኗ ከተቀመጡት ሴቶች ጋር ስለ ቅቤና ስለ ዶሮ ዋጋ ስትጨዋወት ተራዋ ደረሰ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ፣ ዐይኗ በርቶ፣ እግሯን እያጠፈችና እየዘረጋች አሳየችኝ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በዚህ ፍል ውሃ ደስ በመሰኘታቸው ቤት አሠርተውበት፣ በ1879 ዓ.ም. ስሟንም አዲስ አበባ ያሏት ከተማ ከዚህ ተነሥታ መስፋቷን ነገርኳት። «እንዲህ ከሆነማ ውሃዋን አክብረው ነው የመሠረቷት» አለችኝ።

ከግቢው ስንወጣ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል። ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ እየተንከባለለ ይመጣ ነበር። ዕለቱ ጳጉሜን 3፣ ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ቅዱስ ሩፋኤል የሚታሰብበት ቀን በመሆኑ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራል። ድሬዳዋ ውስጥ በዚህ ቀን ዝናብ ጠብቀን ያጣንባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። እዚህ ግን ጠብታው መውረድ እንደ ጀመረ ሕፃናት ከየግቢው ልብሳቸውን እየጣሉ ወጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘሉ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ሰማይ አቀናች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በስልክ የጠራሁት መኪና፣ አንዲት ትንሽ ቪትዝ፣ መጣች። ጠዋት ለመምጣት 180 ብር የከፈልንበትን መንገድ ሾፌሩ 700 ብር አለኝ። «ዝናብ ነው፣ ወንድሜ፤ ካልፈለጉ ሌላ ይጠብቁ» አለ። በበዓል ሰሞን፣ አሮጊት ዝናብ ላይ ቆማ እያየ እንዲህ ማለቱ በጣም አናደደኝ፤ ሆኖም እናቴን አስገባሁ።

ቁልቁል ወደ ስታዲየም መውረድ ስንጀምር ዝናቡ በረዶ ተቀላቅሎበት የመኪናውን ጣሪያ ይደበድብ ጀመር። አሥራ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አስፋልቱ ጠፋ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ አረፋና ቆሻሻ ተሸክሞ፣ ከኋላችንም ከጎናችንም ይመጣ ነበር፤ የመንገዱ ጠርዝ የት እንደሆነ፣ ቦዩ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። ወዲያው በበሩ ሥር ውሃ ገባ፤ መጀመሪያ የእግር ምንጣፉን አራሰ፣ ቀጥሎ ምንጣፉን አንሳፈፈው።

እናቴ አልጮኸችም። እጄን ይዛ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ድረስ ጨበጠችው እንጂ ቃል አልወጣትም። የምታየው እዚያ ያለውን ውሃ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሲመጣ ቤታችን ከወንዙ ብዙም አይርቅም ነበር። የከተማችንን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ደቻቱ ዓመቱን በአመዛኙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያች ሌሊት ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ የተኛውን ሕዝብ ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእኛ ግቢ ሦስት ሰው ሄደ፤ አንዷ የእናቴ ቡና አጣጭ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ውሃ ሲጮኽ ከሰማች አትተኛም።

ሾፌሩም ደንግጦ ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ «ዕዳዋን ገና አልጨረስኩም» ይል ነበር፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ። ቅድም የተናደድኩበት ልብ የት እንደ ሄደ አላውቅም። በሩን በጉልበት ገፍቼ ስወርድ ውሃው ከጉልበቴ በላይ ደረሰ፤ የሚገፋው ግን ከጥልቀቱ ይልቅ ፍጥነቱ ነው። እንደዚያ ቆሜ እናቴን እንዴት እንደማወጣት ሳስብ ሁለት ሊስትሮዎች፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት የማይበልጥ፣ የዕቃ ሣጥናቸውን ደረጃ ላይ ጥለው ወደ እኛ መጡ። ትልቁ ጀርባውን ሰጥቶ ዝቅ አለና «ማዘር፣ አይፍሩ፤ አንገቴን ይያዙ» አላት። ትንሹ ከፊት ከፊት በእግሩ መሬቱን እየዳሰሰ፣ ክፍት ጉድጓድ እንዳይኖር እየፈተሸ ሄደ። ሁለቱ ልጆች እናቴን አንዲት የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ወደ ተጠጋችበት የሕንፃ ደረጃ አደረሷት።

ሴትየዋ ረከቦቷን፣ ምድጃዋንና በርጩማዎቿን ሁሉ ወደ ላይኛው ደረጃ አውጥታ ስታበቃ ደረስን። ምንም ሳትጠይቅ የእናቴን እርጥብ ነጠላ አወለቀችና የራሷን ደረቅ አለበሰቻት፤ እግሯንም ወደ ከሰሉ አስጠጋችላት። «እማማ፣ ይጠጡ» ብላ የሰጠቻትን ስኒ እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ሳትጠጣው ቆየች።

እኔ ግን ዐይኔን ከልጆቹ መንቀል አልቻልኩም። ትንሹ ልጅ ከመንገዱ ዳር ተንበርክኮ እጁን እስከ ትከሻው ውሃው ውስጥ ከተተ፤ የጎርፍ መውረጃውን ፍርግርግ በዳበሳ ነበር ያገኘው። በመጀመሪያ አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣ። ቀጥሎ የተጨማደዱ የውሃ ሃይላንዶች፣ የጫት ገረባ፣ ሌላ ፌስታል፣ በመጨረሻም የሕፃን ጫማ። ያን ጊዜ ከእጁ አጠገብ ውሃው ጥቂት ዞረና ጎድጎድ ብሎ እየጮኸ ወደ ታች መሳብ ጀመረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የመንገዱ ጠርዝ ታየ። ልጁ ክንዱ ላይ የነበረውን ጭቃ በዝናቡ ታጥቦ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ፣ አቃቂ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከተራራው የሚነሣ ውሃ በዚህ ቁልቁለት እየተምዘገዘገ በቀበና፣ በግንፍሌና በባንቱ ይቀጡ ወንዞች መውረድ አለበት። ድሮ ሣርና አፈር የሚጠጣው የነበረውን ዛሬ አስፋልትና ሲሚንቶ አያስገባውም፤ ቱቦው በፌስታል ሲደፈን ደግሞ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። የእኛን ደቻቱ ማንም ሰው በእጁ ሊገታው አይችልም ነበር። ይኼኛውን አንድ ልጅ በክንዱ ሲያስተነፍሰው ዐይቻለሁ፤ ስለዚህም ነው ከፍርሃቱ ይልቅ ቁጭቱ የበረታብኝ።

እናቴ ስኒውን አስቀምጣ መጀመሪያ የተናገረችው «ልጄስ?» የሚል ነበር። የእህቴ ቤት ከቀበና ወንዝ ብዙ አይርቅም። ስልኳ አይነሣም። ማረፊያው ሄደን ልብስ ቀይረን እንሂድ ብላት አሻፈረኝ አለች። ለሾፌሩ 700 ብሩን ስሰጠው ሊቀበለኝ አልፈለገም፤ ኪሱ ውስጥ ጨመርኩለት። ለልጆቹም ያለኝን ሰጠሁ። ቡና አፍይዋ ግን ገንዘቤን መለሰችልኝና ደጅ አስቀምጣው ከነበረው ባልዲ በአንድ ጠርሙስ የሩፋኤሉን ዝናብ ቀድታ ለእናቴ አስያዘቻት። «ለበዓሉ ሊጥ ያቡኩበት፤ ነጠላውንም ሲያልፉ ይመልሱልኛል» አለቻት።

በእግር አራት ኪሎ ወጣን፤ ከዚያ በሚኒባስ ታክሲ ቀበና ገባን። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አካፋ ይዛ ከግቢው ጭቃ ስትዝቅ አገኘናት፤ ስልኳ ባትሪ ዘግቶ ኖሯል። ወንዙ የጎረቤቱን የቆርቆሮ አጥር ወስዶ፣ ከእሷ በር ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። እናቴ ልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያም ግንቡ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ማታ ለብቻዬ ለገሃር ስመለስ ክፍላችን ውሃ ገብቶበት ነበር። ሻንጣዬ አልጋው ላይ ስለነበር ተርፏል፤ የእናቴ ግን ወለሉ ላይ ነበር። ለእንጦጦ ያሠራችው አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ቡናማ ሆኗል፤ ለልጆቹ ያመጣነው ሐላዋና ሙሸበክ ቀልጦ ከልብሱ ጋር ተጣብቋል። የእንግዳ መቀበያው ልጅ የተፈጥሮ አደጋ ስለሆነ ማረፊያ ቤቱን እንደማይመለከተው፣ የቀሪው ሌሊት ገንዘብም እንደማይመለስ ነገረኝ። ደቻቱን ያየ ሰው የተፈጥሮ አደጋን ያውቃል። ከመንገድ በታች ያለ፣ ውሃ እንደሚገባው ግድግዳው የሚመሰክርበትን ክፍል ለአሮጊት ማከራየት ግን ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። እኛ ድሬዎች ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ሰው ሲቸገር ግን በር አንዘጋበትም። ይህ ልጅ በነጋታው እናቴ ራሷ መጥታ ስትለምነው «እርስዎ» እያለ ሰምቷት ጀርባውን ሰጣት።

የቀሩትን ሌሊቶች አምስታችንም የእህቴ ወለል ላይ ተኛን። እንጦጦ አልወጣንም፤ የእናቴ ጉልበት በዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አብጦ ስለነበር ራጉኤልን መስከረም 1 ቀን ጠዋት ወደ ተራራው ዞራ ከደጅ ተሳለመች። ድፎውን ግን ራሷ በጠርሙሱ ውሃ አቡክታ ጋገረችው። የጎረቤት ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ሲመጡ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ አንዱን ግማሽ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልላ፣ የታጠበውን ነጠላ ከላይ አድርጋ፣ ወደ ቡና አፍይዋ ላከችኝ። ሴትየዋ አልነበረችም፤ በዓል ነውና። ሊስትሮዎቹን ግን አገኘኋቸው። ነጠላውን ለእሷ ሊያደርሱልኝ ተቀበሉኝ፤ ዳቦውንም እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ከድርሻዋ በቀር አብረን በላነው።

መስከረም 3 ቀን ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ እናቴ የቀበና ውሃ የት እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ አልኳት። ብዙም አልተናገረችም፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ አዋሽ ድልድይ ላይ ሲደርስ ግን መጋረጃውን ገለጠችና «ይኸው ደረሰብን» ብላ ድልድዩን እስክንጨርስ ድረስ ቁልቁል አየችው።