በባዶ ሆድ አልወጣም፦ ስኳሬን በእርምጃ ያስተካከልኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ በእግር መሄድን ስፖርት የሚለው የለም፤ ሁሉም ይሄዳል። ስለዚህ የስኳር ታማሚ «እንቅስቃሴ አድርግ» ሲባል «እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ?» ቢል አይፈረድበትም። እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት። ልዩነቱን ያሳየኝ የስኳር መለኪያው ነው። ገበያ ወጥቶ፣ ከአንዱ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ ከሌላው ጋር ዋጋ እየተከራከሩ መመለስ ቁጥሩን ያን ያህል አያወርደውም። የሚያወርደው ሳይቆሙ የሚሄዱት፣ ትንፋሽ የሚያፈጥን እርምጃ ነው። ልኩን በቀላሉ ማወቅ ይቻላል፦ እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካልተቻለ ልክ ነው። ማውራትም ካቃተ በዝቷል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ቶሎ ይጨርሳል። እኔ ለጀማሪ ሜዳ ሜዳውን እመክራለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ 10፣ 10 ደቂቃ ብቻ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት የቁርሱን ወደ 20፣ በስድስተኛው ወደ 30 ደቂቃ አሳደግኩት። 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ለስኳር ታማሚ የሚመከረው ትንሹ መጠንም ይኸው ነው። የማርፍባቸው ሁለት ቀናት ግን አይከታተሉም፤ እሑድና ረቡዕ ናቸው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ከደም ስኳር ይስባል። ካረፈ በኋላም ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለትና ለሦስት ቀን ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተሻለ ይሆናል። ከዚያ ያልፍበታል። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄዶ ሳምንቱን መቀመጥ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ከምግብ በኋላ የመረጥኩት ስኳር በብዛት የሚወጣው ከበሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ነው። 1 ሰዓት ላይ ቁርስ በልቼ 1 ሰዓት ከ30 ላይ እወጣለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲበረታ ወደ 2 ሰዓት ተኩል እገፋዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ በባዶ ሆድ መውጣት የጎበዝ ሥራ ይመስላል፤ የሚዋጠውን መድኃኒት ለማያውቅ ሰው ግን አደጋ ነው።

የሚዋጠው ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ በእርምጃ ምክንያት ስኳር ከልክ በታች የመውረዱ ዕድል ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ (ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚገፋ ክኒን) ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱና ጡንቻው አንድ ላይ ያወርዱታል። እኔ ሜትፎርሚንንም ግሊቤንክላማይድንም ስለምወስድ ከመውጣቴ በፊት ለክቼ ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ካገኘሁ አንድ ቁራጭ ዳቦ እጨምራለሁ። ከ70 በታች ከሆነ ከነጭራሹ አልወጣም፤ መጀመሪያ ስኳሩን አስተካክላለሁ። ከ250 በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ትንፋሽ መፍጠን ካለ መንገዱ ወደ ጤና ተቋም ነው። በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ከ250 በላይ ሲሆን ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ በደም የሚከማች አሲድ) ሳይመረመር አይውጣ።

ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ በላስቲክ የተቋጠረ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም የሐሳብ መደናገር ሲመጣ ቆሞ እሱን በውኃ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም ነው። እዚህ አገር የሚሠራው ስሕተት ቆሎ መቆርጠም ወይም በሶ መበጥበጥ ነው። ገብስ ደግ ምግብ ነው፤ ግን ስኳሩን የሚለቀው ቀስ እያለ ስለሆነ ለዚያች ሰዓት አይደርስም። ስኳሩ ከተነሣ በኋላ ግን መልሶ እንዳይወርድ ይጠቅማል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ሊራመድ ሲል ጭኑ ላይ ባይወጋ ይሻላል፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ይስበዋልና ሆድ ይመረጣል። ብዙ የተሄደ ቀን ሌሊቱንም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛት በፊት መለካት ተገቢ ነው።

ስትሪፕ (ደም የሚነካው የመለኪያው ቁራጭ) ውድ ስለሆነ በየቀኑ አልለካም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ግሊቤንክላማይድ እየዋጡ መገመት አያዋጣም፤ ከመውጣቴ በፊት ሁሌም እለካለሁ። የቆጠብኩት የመልሱን ነው፤ ከእርምጃ በኋላ የምለካው ሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር። በብርድ ጣት ደም አይሰጥም፤ ማሽኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ስሕተት ያሳያል ወይም አይሠራም። ስለዚህ ማሽኑን በጋቢ ሥር ይዤ፣ ጣቴን በሞቀ ውኃ ታጥቤ አደርቃለሁ። ማር ወይም ብርቱካን በነካ ጣት መለካት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። አንዴ ደግሞ ዳገት በሩጫ ከወጡ በኋላ ስኳር ጨምሮ ቢገኝ መደንገጥ አያስፈልግም። ኃይለኛ ጥረት አድሬናሊን ያስነሣል፤ ጉበትም ስኳር ይለቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ መለካት ነው።

ጾም የራሱ ዘዴ ይፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው እርምጃውን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ ያድርገው፤ የክኒኑን ሰዓትና መጠን ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ይነጋገርበት። ስግደትም ቢሆን ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ነው፤ የስቅለት ዕለት በባዶ ሆድ ሲሰገድ ስኳር የሚወርድበት ሰው አለ። ዓይኑ ውስጥ የደም ሥሮቹ በስኳር የተጎዱበት ሰው ግንባርን መሬት የሚያስነካው ስግደትና ከባድ ሸክም ሊያደማው ስለሚችል መጀመሪያ ዓይኑን ይታይ። ሲሄድ ደረቱን የሚጨንቀው ሰውም እንዲሁ፤ ልቡን ሳይመረመር አይጀምር።

እግር ላይ ግን ልቆይበት። ስኳር ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢቆረቁር ላይታወቅ ይችላል። ከመጫማቴ በፊት እጄን አስገብቼ ውስጡን እዳስሳለሁ። የላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ እግርን አልቦ ይልጣል፤ ሰፋ ያለ ሸራ ጫማና ስፌቱ የማይቆረቁር ወፍራም ካልሲ ይሻላል። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከ15 ደቂቃ በላይ አላደርገውም። ማታ ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ፤ በጣቶቹ መካከልም አደርቃለሁ። በእኛ ብርድ ትልቁ ጥፋት ከእርምጃ ተመልሶ እግርን ምድጃ ላይ መዘርጋት ነው፤ የደነዘዘ እግር ሳይሰማው ይቃጠላል። ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ እስኪድን መሄድ አቁሞ ማሳየት እንጂ «ሲሄድ ይድናል» ማለት የለም።

ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሙቀት። በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሂድ፣ ውኃ ይያዝ፣ ኢንሱሊኑንም ፀሐይ ላይ አይተው።

ውጤቱን በኪሎ አልለካሁትም፤ ኪሎዬም ብዙ አልወረደም። ስኳር ግን ክብደት ሳይቀንስም ይወርዳል። በመደበኛ እንቅስቃሴ የሦስት ወሩ አማካይ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ በአማካይ ከ0.6 እስከ 0.7 ነጥብ ገደማ ይቀንሳል። ያ ትንሽ አይደለም፤ መድኃኒት የሚያስጥል ግን አይደለም። ለክትትል ስሄድ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ፦ ቀን፣ የደቂቃ ብዛት፣ ከእርምጃ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር፣ ስኳር የወረደብኝ ጊዜ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ70 በታች ከታየ የሚነካው እርምጃው ሳይሆን የግሊቤንክላማይዱ መጠን መሆኑን ለሐኪሙ የሚያስረዳው ያ ደብተር ነው።