ከጀነሬተር ጋር የተጣላሁበት ማታ

ማታ ጣና ዳር ጓደኞቼ ሙዚቃ ተጫወቱ። እኔ መብራት ላይ ነበርኩ። መቆጣጠሪያውን ራሴ ነኝ የሠራሁት። አንድ አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ ስድስት ትራያክ (የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከአሮጌ ስታብላይዘር የተፈታ ሳጥን። (መሀል ላይ ሁለቱን ያለ ሽቦ፣ በብርሃን የሚያገናኝ ኦፕቶካፕለር አለ፤ በ220 ቮልት አይቀለድም።) አምፖሎቹ የድሮዎቹ ባለ ክር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ትራያኩ ከእያንዳንዱ ዜሮ በኋላ ጠብቆ ይከፈታል፤ ቀጣዩ ዜሮ ላይ ይዘጋል። ቶሎ ከተከፈተ አምፖሉ ይደምቃል፣ ከዘገየ ይደበዝዛል። ከዜሮ እስከ ዜሮ ያለው 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ቤት ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም። ማታ ግን ማሲንቆው ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ እኔም አምፖሎቹን ጭል ጭል ሳደርግ፣ መብራት ጠፋ! ጀነሬተር ተነሳ። ከዚያማ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ዞሮ ገላመጠኝ። ሰዉ ደግሞ ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሎት አጨበጨበ። እኔም ዝም አልኩ።

ምክንያቱ የገባኝ ቤት ስገባ ነው። ጀነሬተር አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ለምሳሌ 53 ኸርዝ ከደረሰ ቀጣዩ ዜሮ በ9.4 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የእኔ ኮድ ደግሞ ሁሌም 10 ነው ብሎ፣ ለጭል ጭሉ ብርሃን 9.5 ጠብቅ ይላል። ስለዚህ ትራያኩ የሚከፈተው የሚቀጥለው ሞገድ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሙሉ ብርሃን! 10 የምትለዋን ቁጥር ኮዱ ውስጥ የቸነከርኳት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ? አሁን ራሱ እየለካ እንዲያሰላ ቀይሬዋለሁ።

ነገ ጀነሬተር ለምኜ እሞክረዋለሁ። በፊት ግን ሳጥኑ ውስጥ የገባውን የሐይቅ ዳር ትንኝ ልጥረግ።