ቱሉ ዲምቱ፣ አባ ሳሙኤልና በሰዓት አንድ ቦቴ ውሃ

ከሐዋሳ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ዝዋይ ላይ ሻይ ጠጣሁ፣ ከዚያ እስከ ሞጆ ተኛሁ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የምሄደውም እዚያው ነበር። ረዳቱን «እዚህ አውርደኝ» አልኩት። «እህቴ፣ መውረጃው ቃሊቲ ነው፤ መሀል ላይ አናወርድም» አለኝ። የምወርድበትን አደባባይ በመስኮት እያየሁት አለፍነው። ቃሊቲ መናኸሪያ ወርጄ የመጣሁበትን መንገድ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከዚያ እስከ ፔንሲዮኑ ለባጃጅ 150 ብር ከፈልኩ። ማታ አልጋ ያሳየችኝ ልጅ የሰፈሩ ሰው የሚከፍለው 30 ብር እንደሆነ ነገረችኝ። ሻንጣ አይቶ ዋጋ መጨመር ሐዋሳም አለ። እዚያ ግን ትንሽ ተከራክሮ፣ ተሳስቆ መስማማት አለ። የዚህኛው ባጃጅ ነጂ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

የመጣሁት ለሥራ ነበር። ፊዚክስ አስተምራለሁ። እዚህ አካባቢ የምታስተምር ጓደኛዬ ከሳይንስ ክበቧ ልጆች ጋር ስለ ኑክሌር ኃይል እንድንወያይ ጋብዛኝ ነው። ልጆቹ ስለዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያበዙት ወደው አይደለም። በ2018 ዓ.ም መስከረም ላይ ሀገራችን ከሩሲያው የመንግሥት የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ለኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የሚሆን የሥራ ዕቅድ ተፈራርማለች። እኔ የመረጥኩት ርዕስ አንድ ነው። አደጋ የደረሰበት ሪአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ነዳጁ የሚሞቅበት የማመንጫው ልብ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል? ሰው የሚያስታውሰው ፍንዳታውን ነው። ሥራው ያለው ግን ማቀዝቀዙ ላይ ነው።

ፔንሲዮኑ 900 ብር ነበር፣ «ሙቅ ውሃ አለው» ተብዬ። አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ትንሽ አጉረመረመና ቆመ፤ ናፍጣ አልነበረውም። ቧንቧውን ብከፍት ጠብታ የለም። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ውሃማ አለ» አለኝ። ውሃው ግን ያለው መሬት ላይ ባለው ታንከር ነው። ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋው ዲናሞ ያለ መብራት አይሠራም። እኔ ያለሁት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አጠገቤ ካለው ግንባታ የጭነት መኪና ድምፅ፣ ከታች የውሻ ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ አላቋረጠም። አንሶላው እርጥበት እርጥበት ይላል። ብርዱም ከሐዋሳ ለመጣ ሰው አይቻልም።

በጎ ሰው ግን አይጠፋም። ጎን ካለው ክፍል አንዲት እናት ባትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ለሕክምና ከገጠር የመጡ ናቸው። ገና በቀን አንድ ጄሪካን ሞልተው ክፍላቸው አስቀምጠው ነበር። «እኔ ልጄ፣ የምሞላው መብራት እያለ ነው» አሉኝ። ግማሹን ቀዱልኝ። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡኝ። በዚያ ሌሊት የሰማሁት ትልቁ የምህንድስና ምክር የእሳቸው ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለነገ ያዘጋጀሁትን በልቤ ደገምኩት። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም፣ ዓርብ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡46 ላይ በምሥራቅ ጃፓን ምድር ተንቀጠቀጠ። በፉኩሺማ ዳይቺ ማመንጫ ካሉት ስድስት ሪአክተሮች በሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ወዲያው በራሳቸው ቆሙ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ሄደ። ከውጭ የሚመጣው መብራት ተቋረጠ፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ ተነሡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሱናሚው ደረሰ። ከቁጥር 1 እስከ 4 ያሉት ሪአክተሮች የቆሙበት መሬት ከባሕር ወለል 10 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ማዕበሉ ግን ከ14 ሜትር በላይ ወጣ። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮችና የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ያሉት ምድር ቤት ነበር፤ ውሃ ሞላቸው። የቁጥር 1 እና 2 መቆጣጠሪያ ክፍል ጨለመ። ፓስፊክ ውቅያኖስ እዚያው ደጃቸው ነው። የጠፋው ውሃውን ገፍቶ የሚያስገባ ጉልበት ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ደስ አሰኘኝ። ቅዳሜ ሆኖ እንኳ ክፍሉ ሞልቷል። አንዱ ልጅ ቀደም ብሎ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ከቆመ በኋላ ምኑ ነው የሚሞቀው?» ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወልዳቸው ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ሬዲዮአክቲቭ ናቸው፣ ጨረር እያወጡ ይፈራርሳሉ አልኩት። ሪአክተሩን ብታቆመውም እነሱ መፈራረሳቸውን፣ ሙቀት መስጠታቸውን አያቆሙም። ማቆሚያ ቁልፍ የላቸውም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «እንደ ተዳፈነ እሳት ማለት ነው?» አለች። በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ከምጣድ ጋር ያመሳስለዋል፤ ምጣድ ግን ከተነቀለ በኋላ ያጠራቀመውን ብቻ ነው የሚሰጠው። የተዳፈነ እሳት ከአመዱ ሥር ገና እየነደደ ነው።

ውሃ ካልደረሰለት የሚሆነውን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ውሃው ይተንና ዩራኒየሙን የያዙት የነዳጅ ዘንጎች ይራቆታሉ። ሙቀቱ ከ1,200 ዲግሪ ሲያልፍ የዘንጎቹ ሽፋን፣ ዚርኮኒየም፣ ከእንፋሎቱ ጋር በኃይል ይዋሃዳል፤ ሃይድሮጂን ይወጣል። በፉኩሺማ ጣሪያዎቹን ያፈነዳው ይህ ሃይድሮጂን ነው። ቁጥር 1 መጋቢት 3፣ ቁጥር 3 መጋቢት 5 ቀን ፈነዱ። በማግስቱ ቁጥር 4 ተከተለ።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን ሰዎቹ የሠሩት ሥራ ነው። ሠራተኞቹ የመኪና ባትሪ እየነቀሉ የግፊትና የውሃ መለኪያዎቹን አስነሡ። በእሳት አደጋ መኪና የባሕር ውሃ ማስገባት ጀመሩ። የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ በሪአክተሩ ውስጥ የታመቀው እንፋሎት መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስተንፈስ ግድ ነው። ማስተንፈሻው ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይከፈትም፤ እሱንም በመኪና ባትሪ። ከገባው ውሃ ከፊሉ በሌላ ቧንቧ እየሸሸ ሪአክተሩ ጋ እንዳልደረሰ ኋላ ላይ ታወቀ። የማመንጫው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ መጋቢት 3 ማታ የባሕር ውሃ ማስገባቱን እንዲያቆሙ ተነገራቸው። በቪዲዮ ስብሰባው ፊት አቁሙ ብለው አዘዙ። አስቀድመው ግን ሠራተኛቸው እንዲቀጥል በጆሮው ነግረውት ነበር። ውሃው አልቆመም። ዮሺዳ በ2005 ዓ.ም በካንሰር አረፉ። መጋቢት 6 ቀን ከሠራተኛው 650 ያህሉ ሲወጣ ወደ 70 የሚሆኑት እዚያው ቀሩ። ይህን ስናገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሁሌም ይይዘኛል።

ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሌላ ማመንጫ አለ፣ ፉኩሺማ ዳይኒ። እሱንም ሱናሚው መቶታል። አንድ የውጭ መስመር ግን ተርፎለት ነበር። ሠራተኞቹ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከባድ ኬብል በትከሻቸው ተሸክመው በአንድ ቀን ዘረጉ። መጋቢት 6 ቀን አራቱም ሪአክተሮች ቀዘቀዙ፤ አንዱም አልቀለጠም። በዳይቺም ቁጥር 5 እና 6ን ያተረፈው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበረ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጄኔሬተር ነው። አንድ ጄኔሬተር! ልጆቹ ስንት ቁጥር ቢረሱ ይህችን አይረሷትም ብዬ አምናለሁ።

እሁድ የራሴ ቀን ነበር። አባ ሳሙኤልን ማየት ከድሮ ጀምሮ እመኛለሁ፤ በሀገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። አንድ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ፣ ደርሶ መልስ 1,200 ብር። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ ወሬም ይወዳል። መንገዱ መጀመሪያ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ኮረኮንች፣ ከዚያ የበሬ መንገድ። አንድ ግንባታ ጋ ኮንክሪት ወደ ላይ የሚገፋ ረጅም ክንድ ያለው መኪና ቆሞ አየሁ። «ይቺን የመሰለች መኪና የኑክሌር ነዳጅ አቀዝቅዛለች» አልኩት። አላመነኝም። እውነት ነው። በቁጥር 4 ጣሪያ ሥር ያገለገለ ነዳጅ የተከማቸበት ገንዳ ነበር። ሄሊኮፕተሮች በቁጥር 3 ላይ ከሰማይ ያፈሰሱት ውሃ ብዙው በነፋስ ተበትኖ ቀርቷል። በኋላ 58 ሜትር ክንድ ያለው የኮንክሪት መግፊያ መጥቶ የቁጥር 4ን ገንዳ ውሃ በትክክል ሞላው። ሹፌሩ መኪናዋን ዞር ብሎ ደግሞ አያት።

አባ ሳሙኤል ስንደርስ ቀድሞ የተቀበለን ሽታው ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ሁሉ ይዘው የሚገቡት እዚህ ነው። ውሃው በእምቦጭ ተሸፍኗል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ውሃ በዚህ መልክ ማየት ያማል፤ ለቀናት ከዓይኔ አልጠፋም። ዘበኛው ወደ ማመንጫው አላስጠጋንም። ከጉብታው ላይ ሆነን አየን። ማመንጫው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው።

ይቺን ቁጥር ሳስታውስ ወረቀት አወጣሁ። የፉኩሺማ ቁጥር 1 በሙሉ ኃይሉ 1,380 ሜጋ ዋት ሙቀት ያመነጭ ነበር። በቆመባት ቅጽበት ከዚህ ውስጥ ከ6 በመቶ በላይ ይቀራል፤ ወደ 90 ሜጋ ዋት ማለት ነው። በማግስቱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። 7 ሜጋ ዋት ገደማ። ቆሟል የተባለ ሪአክተር፣ ከስድስቱ ትንሹ፣ በማግስቱም አባ ሳሙኤልን የሚያህል ሙቀት እየሰጠ ነበር! ይህ ሙቀት በሰዓት ወደ 10 ሺህ ሊትር ውሃ አፍልቶ ያተናል። ለሹፌሩ «በየሰዓቱ አንድ ቦቴ ማለት ነው፣ ሌሊትም ቀንም» አልኩት። «እኛ ሰፈር በሳምንት አንድ ቦቴ ቢመጣ ተመስገን ነው» አለኝ።

ከዚያ እምቦጩን እያየ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ያ ሁሉ ውሃ ታዲያ የት ተደፋ?» ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። የቀለጠውን ነዳጅ የነካ ውሃ ይበከላል። መጀመሪያ ምድር ቤቱን ሞላ፣ ከፊሉም ባሕር ገባ። ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ውሃውን እያጣሩ መልሰው ለማቀዝቀዣ ማዞር ጀመሩ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2004 ዓ.ም የጃፓን መንግሥት ሪአክተሮቹ ከ100 ዲግሪ በታች ወርደው ተረጋግተዋል አለ። ዘጠኝ ወር ፈጅቷል። የተጣራው ውሃ ግን እየተጠራቀመ ከ1,000 በላይ ታንከር ሞላ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በባሕር ውሃ እየቀጠነ ወደ ውቅያኖስ እየተለቀቀ ነው።

«አሁንም ያጠጡታል?» አለኝ። አዎ፣ አሁንም። ከሥር 880 ቶን ገደማ የቀለጠ ነዳጅና ብረት ተቀምጧል። በ2017 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በሮቦት ያወጡት ናሙና አንድ ግራም አይሞላም።

እኔ የኑክሌር ማመንጫ ተቃዋሚ አይደለሁም። ሀገሬ መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ማንም ሊነግረኝ አይገባም። ግን ሲሚንቶው ሳይፈስ እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ። መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ የት ከፍታ ላይ ይቀመጣል? መብራት ለሳምንት ቢጠፋ ውሃው በምን ይገፋል? የቆሸሸው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ሹፌሩ ሲመልሰኝ ሌላ ጨመረበት፦ «ናፍጣውንስ ማን ነው የሚያየው?» ቃሊቲ አወረደኝ፤ የተስማማንበትን ተቀበለ፣ አንድ ብር አልጨመረም። የሐዋሳው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ።