ወይን ለቀማ በሴንት ኤሚልዮን

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ እያለሁ፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ወይን ለቀማ ገባሁ። ቦታው ሴንት ኤሚልዮን ነው። የወይን እርሻውን ሻቶ ሲሉኝ ቤተ መንግሥት ጠብቄ ነበር። የድንጋይ ቤት፣ ከጎኑ መጋዘን፣ ዙሪያውን ወይን። በቃ።

ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ዘለላው የሚንጠለጠለው ከጉልበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ በመቀስ እየቆረጥክ ባልዲ ትሞላለህ። የበሰበሰ ካስገባህ አለቃዋ አንስታ መሬት ትጥለውና ዝም ትላለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

እዚያ በብዛት ያለው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዝርያ ነው፤ ካበርኔ ፍራንም አለ። ካበርኔ ሶቪኞን የሚነግሠው ከወንዙ ማዶ፣ ሜዶክ ነው። አንዷን ፍሬ ጨመቅ ባደርጋት ጭማቂዋ ቀይ አይደለም! ለካ የሚያቀላው ልጣጩ ኖሯል። ስለዚህ ከነልጣጩ ትልቅ ጋን ውስጥ ይፈላል። ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እነሱ ከታች ያለውን በፓምፕ እየሳቡ መልሰው ከላይ ያፈሱበታል። ሽታው የእናቴ ጠጅ ቁጭ!

ከዚያ ወደ ኦክ በርሜል። አንዱ 225 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ዓመት ወይም ዓመት ተመንፈቅ ይቆያል። በእንቁላል ነጭ የሚያጠሩ ቤቶችም አሉ። አስኳሉስ? ብዬ ብጠይቅ፣ ካኔሌ የሚባለው የቦርዶ ኬክ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል አሉኝ።

ከተማዋ ውስጥ ከአለት የተፈለፈለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ። ላሊበላን ላየ ሰው ብዙ አይደንቅም፤ ግን እዩት።

ለቀማው ሲያልቅ ዤርቦድ የሚሉት ግብዣ አለ። ባለቤቱ የራሳቸውን ቀይ ከፈቱ። ጉደርን በኮካ የለመደው ጓደኛዬ ኮካ ጠየቀ። ጠረጴዛው ጭጭ አለ። ሽማግሌው ሳቁ፣ ኮካውን ራሳቸው አመጡለትና «መጀመሪያ ብቻውን ቅመሰው» አሉት። ቀመሰ። ምላሱን ጠፍሮ ያዘው። ኮካውን ለብቻው ጠጣ።

ለመግዛት ካሰባችሁ «ሁለተኛ ወይን» የሚሉትን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከወጣት ተክሎችና ለዋናው ካልተመረጡ በርሜሎች የሚሠራ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ከክትፎ ጋር ግን አትድከሙ፤ ሚጥሚጣው ያሸንፈዋል። ጥብስ ይሻለዋል፣ ያውም ቃሪያ ያልበዛበት።