ከዝረራው በፊት ያለችው ግማሽ ደቂቃ

ቦክሰኛው አንዲ ሩይዝ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን አንቶኒ ጆሽዋን የጣለው ራሱ ወድቆ በተነሳበት በዚያው በ3ኛው ዙር ነበር። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2019፣ ቦታው ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሩይዝ የተጠራው በአበረታች መድኃኒት ምርመራ በወደቀው በጃሬል ሚለር ምትክ፣ ፍልሚያው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ጆሽዋ ቁመቱ 198 ሴንቲ ሜትር፣ የክንዱ ስፋት (ሁለቱ እጆች ሲዘረጉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ) 208 ነው፤ የሩይዝ የክንድ ስፋት ደግሞ 188 ብቻ። ጆሽዋ በግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ በሚመጣ ቡጢ) ሲጥለው ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎ ነበር።

ያላበቃው ጆሽዋ ለመጨረስ ስለቸኮለ ነው። ሩይዝ ከወደቀ በኋላ ያለችውን ያቺን ግማሽ ደቂቃ በቪዲዮ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ እጆቹን ትታችሁ እግሮቹን እያያችሁ ድገሟት። ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፣ ደረት ለደረት እስኪሆኑ ተጠግቷል፣ ቡጢዎቹም ቀጥ ብለው መምጣታቸውን ትተው ከጎን እየዞሩ ነው የሚመጡት። በዚያ ርቀት ረጅም ክንድ ዕዳ ነው፤ አጭሩ ክንድ መንገዱ አጭር ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል። የሩይዝ ግራ ሁክ በጆሽዋ ጆሮ ግንድ አካባቢ አረፈች። እያዩ የሚቀበሉትን ቡጢ አንገት ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ሳይታይ የመጣ ቡጢ ግን ጭንቅላትን በድንገት ያዞራል፣ አንጎልን ያናውጣል፣ እግርም ባለቤቱን መታዘዝ ያቆማል። ጆሽዋ በዚያው ዙር ድጋሚ ወደቀ፣ በ7ኛው ሁለቴ ወደቀ፣ ዳኛው ማይክ ግሪፊን በ1 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ላይ አስቆመው።

ታዲያ ይህ ቢደገም ይለወጣል? በጊዜው የነበረው ክርክር በሙሉ በመጨረሻዋ ቡጢ ላይ ነበር፤ አንዱ «ዕድል ነው»፣ ሌላው «አገጩ ደካማ ነው» ይል ነበር። እኔ የማምነው ሁለት ጥያቄ ቀድሞ መመለስ እንዳለበት ነው። አንደኛ፣ ተሸናፊውን ያስመታው ነገር በልምምድ ሊታረም የሚችል ነው ወይስ የአፈላለሙ ሥር? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ አሸናፊውስ በመጀመሪያው ቀን የነበረውን ሰው ይዞ ይመጣል?

በዲርኢያ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2019 ሁለቱም ጥያቄዎች በሚዛን ላይ ተመለሱ። ጆሽዋ ከ112 ኪሎ ወደ 107.5 ገደማ ወርዶ መጣ፤ ሩይዝ ከ121.5 ወደ 128.5 ገደማ ወጥቶ። ጆሽዋ ክብደቱን የቀነሰው 12 ዙር በእግሩ ሊሠራ አስቦ ነው። ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚላክ ቀጥ ያለ ፈጣን ቡጢ) ይሰነዝራል፣ ቀኝ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ቆሞ ውጤቱን አያይም፤ ወዲያው ወደ ጎን ይወጣል። ሩይዝ ሲጠጋው አቅፎ ይይዘውና ዳኛው እስኪያላቅቃቸው ይጠብቃል። ሩይዝ ቡጢዎቹን በሦስትና በአራት አሰባጥሮ ለመልቀቅ እግሩን መትከል ነበረበት፤ ሰባት ኪሎ ጨምሮ የሚሸሽ ሰው እያሳደደ ግን አንድም ጊዜ ተደላድሎ አልቆመም። ውጤቱ 118 ለ110፣ 118 ለ110፣ 119 ለ109። ብዙዎች «አሰልቺ» ያሉት ይህ ፍልሚያ ለእኔ በከባድ ሚዛን ከታዩት ጥሩ እርማቶች አንዱ ነው። ሩይዝም በኋላ ዝግጅቱን እንዳቃለለ ራሱ ተናግሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው የልማድ ስህተት ነው። ጆ ሉዊስ ጁን 19 ቀን 1936 በማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ሲዘረር ምክንያቱ አንድ ነገር ነበር፤ ጃብ ከሰነዘረ በኋላ ግራ እጁን ወደ አገጩ ሳይሆን ወደ ደረቱ ይመልሰው ነበር። ሽሜሊንግ ይህንን ቀደም ብሎ አጥንቶት፣ ጃቧ በተመለሰች ቁጥር በላይዋ ቀኙን ይልክ ነበር። ያ ዝረራ ዕድል አይደለም፤ ያቺው ቀኝ ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምሮ ስታርፍ ትታያለች። እንዲህ ዓይነቱ ሽንፈት ለመድገም ከሁሉም ይመቻል፣ ምክንያቱም በሽታው ስም አለው። ጁን 22 ቀን 1938 ሉዊስ ለሽሜሊንግ ጃብ የሚጠብቅበት ጊዜ አልሰጠውም፤ በ1ኛው ዙር በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ጨረሰው።

የዝግጅት ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። ሌኖክስ ሉዊስ ኤፕሪል 22 ቀን 2001 ብራክፓን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሃሲም ራህማን ሲዘረር ክብደቱ 115 ኪሎ ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ራህማን ቀደም ብሎ ገብቶ ሰውነቱን ከአየሩ ጋር አለማምዷል፤ ሉዊስ የመጣው ፍልሚያው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው። በ5ኛው ዙር አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ነበር፤ ጀርባውን ወደ ገመዱ ሰጥቶ እጆቹን አውርዶ ፈገግ አለ፤ ቀጥ ያለች ቀኝ አገጩን አገኘችው። እጅ የሚወርደው በንቀት ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ትከሻም ይዝላል። በኖቬምበር 17 ቀን 2001 ላስ ቬጋስ ላይ 112 ኪሎ ገደማ ሆኖ መጣ፣ ራህማንንም በ4ኛው ዙር ዘረረው።

እዚህ ላይ ውሉም ቡጢ የመምታት ያህል ይሠራል። ሉዊስ ያንን ዕድል ያገኘው በውሉ ውስጥ የመልስ ፍልሚያ አንቀጽ ስለነበረ ነው፤ ራህማን ሌላ ተጋጣሚ ሊመርጥ ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንቀጹ ባይኖር ኖሮ ስለ እርማት የምናወራው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ደግሞ የማይታረመው። ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ ጆርጅ ፎርማን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። ከፍልሚያው በፊት ፍሬዘር ያሸንፋል የተባለው በሰፊው ነበር። ፍሬዘር አጭር ነው፤ ግራ ሁኩን ለማሳረፍ ጎንበስ ቀና እያለ መግባት አለበት። ፎርማን በረጃጅም እጆቹ ትከሻውን ገፍቶ ያቆመዋል፣ ጎንበስ ሲል ደግሞ በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚላክ ቡጢ) ያነሳዋል። ጭንቅላቱ የሚመጣበት መንገድና ቡጢው የሚነሳበት መንገድ አንድ ነው። ጁን 15 ቀን 1976 ሲገናኙ ፍሬዘር ወደ ኋላ እያለ፣ ከጎን ወደ ጎን እየተንቀሳቀሰ ጀመረ። የቆየው ግን እስከ 5ኛው ዙር ብቻ ነበር። ያለ መጠጋት የሚያሸንፍበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ሲጠጋም ያቺው አፐርከት ትጠብቀዋለች። እንዲህ ዓይነቱ ዝረራ አሥር ጊዜ ቢደገም ቆይታው ይረዝም ይሆናል እንጂ ፍጻሜው አይለወጥም።

ስለዚህ አንድ ዝረራ ስታዩ ወደ ኋላ መልሱትና ያቺ የጣለችው ቡጢ ቀደም ባሉት ዙሮች አርፋ እንደሆነ ፈልጉ። አርፋ ከነበረ አሸናፊው አውቆ ነው ያደረገው፤ ተሸናፊው ልማዱን ካልቀየረ ትደገማለች። ከዚያ የተመታው ሰው ሲተነፍስ በአፉ ነው በአፍንጫው? ሲመታ እግሮቹ ተሻግረው ነበር ወይስ ተተክለው? የሁለቱ ፍልሚያዎች ልዩነት ስንት ወር ነው? ከባድ ዝረራ የደረሰበት ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ጭንቅላቱን ሊያስመታ አይገባም፤ በሦስት ወር ውስጥ የሚደረግ የመልስ ፍልሚያ ስህተቱን ለማረም የሚቀረው የስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የመድረኩም ስፋት ይታይ። ጎኑ 24 ጫማ የሆነ መድረክ እግር ላለው ሰው ነው፣ 18 ጫማው ለሚያሳድደው።

ያልተደረገው የመልስ ፍልሚያ ደግሞ አሁንም ያከራክራል። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ማይክ ታይሰንን በ10ኛው ዙር ሲዘርር ቡጢዋ ከሰማይ አልወረደችም። ዳግላስ የክንዱ ስፋት ከታይሰን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ከ1ኛው ዙር ጀምሮ ጃቡ ታይሰንን ከደጅ አስቀርቶታል፣ ሲጠጋም ያቅፈው ነበር። የታይሰን ረዳቶች ያበጠ ዓይን የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት እንኳ አልያዙም፤ የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶ ውሃ ሞልተው ነው ዓይኑን የያዙት። ታይሰን በ8ኛው ዙር ዳግላስን ጥሎት ነበር፤ ያም ቢሆን የፍልሚያውን ፊት አልለወጠውም።

ብዙ ሰው «ቢደገም ታይሰን ይበላው ነበር» የሚለው ታይሰን ይለወጣል ብሎ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላኛውን ማዕዘን፣ ዳግላስን ነው። በቶኪዮ 105 ኪሎ የነበረው ዳግላስ ከስምንት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1990፣ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ፊት ሲቆም 111.5 ኪሎ ገደማ ነበር። በ3ኛው ዙር ከሩቅ አፐርከት ሰንዝሮ ሳተ፣ ሆሊፊልድ ቀኙን ላከ፣ አለቀ። ያ ዳግላስ በዚያ ምሽት ከታይሰን ጋር ቢገናኝ፣ ታይሰን አንዲት ነገር ሳያርም እንኳ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። የቶኪዮው ዳግላስ ተመልሶ ቢመጣ ግን፣ በእነዚያው ረዳቶችና በዚያው ዝግጅት የመጣው የ1990ው ታይሰን ጃቧን የሚያልፍበት መንገድ አይታየኝም።