ሰው በአውሮፕላን የሚመጣለት የገጠር ካይሮፕራክተር

ክላረንስ ጎንስቴድ የሚባል ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ማውንት ሆሬብ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሰው ወገብና አንገት ሲያስተካክል ኖሯል። ሙያው ካይሮፕራክተር ነው። መርፌ አይወጋም፣ ክኒን አያዝም፣ ቢላ አያነሳም። በእጁ ነው የሚሠራው። የሞተው በፈረንጆች 1978 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ስለ እሱ የሰማሁት ከጋሼ ነው። ጋሼ ቺካጎ ውስጥ እንደ አጎት የሆኑኝ ሰው ናቸው። ትራክ ይነዳሉ። የአሜሪካ ሕግ ለትራክ ነጂ በቀን እስከ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል። ወገብ ግን አይፈቅድም። እሳቸውም «የዲስክ መንሸራተት ነው» ተባሉ፤ ክኒኑን ዋጡ፣ ፊዚዮቴራፒውን ተመላለሱ፤ መጨረሻ ላይ ሰው ጠቁሟቸው አንድ ካይሮፕራክተር ጋ ገቡ። ክፍሉ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። «ይሄ ማነው፣ አባትህ ነው?» አሉት። «አይ፣ እኔ የምሠራበትን ዘዴ ያወጣው ሰውዬ ነው» አላቸው። ጎንስቴድ ነበር።

ወገባቸው ሙሉ በሙሉ ዳነ አልልም። ግን ጫማቸውን ራሳቸው ማሰር ጀመሩ፤ ለእሳቸው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ «አገሩን ማየት አለብኝ» የሚል ነገር ያዛቸው።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ከሞተ እኮ ስንት ዘመኑ!»

«ንጉሥ ላሊበላስ ሞቶ የለም እንዴ? ሰው መሄድ ተወ?»

መልስ አጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ተነሳን።

ቀጥታ ብንሄድ ኖሮ ማውንት ሆሬብ ከቺካጎ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፤ ከዊስኮንሲን ዋና ከተማ ከማዲሰን በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኛ ግን ዞርን። ሙያው ራሱ የተጀመረው አይዋ ክፍለ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ላይ ነውና መጀመሪያ እሱን ልየው አልኩ። የነዳሁት እኔ ነኝ። ትራክ ነጂን አጠገብህ አስቀምጠህ መንዳት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ጋሼ መንገዱን ሙሉ በሌለ ፍሬን ላይ እግራቸውን ሲጭኑ ነበር።

ሚሲሲፒ አሜሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ የሚወርድ ወንዝ ነው። ዳቨንፖርት ላይ ግን ታጥፎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። ከወንዙ ዳር ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው ብሬዲ ስትሪት ይባላል። የፓልመር ኮሌጅ ያለው እዚያ ዳገት ላይ ነው። የዓለም የመጀመሪያው የካይሮፕራክቲክ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1897 ተጀመረ።

መሥራቹ ዲ.ዲ. ፓልመር ካናዳ የተወለደ፣ አስተማሪም፣ ንብ አርቢም፣ ባለ ግሮሰሪም ሆኖ የሞከረ ሰው ነው። በመጨረሻ በሽተኛን በእጁ «በማግኔት ኃይል» አክማለሁ ብሎ ዳቨንፖርት ላይ ቢሮ ከፈተ። በመስከረም 1895 የሕንጻው የጽዳት ሠራተኛ የነበረውን ሃርቪ ሊላርድን አገኘው። ሊላርድ ለ17 ዓመት ያህል ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ፓልመር ጀርባው ላይ ያበጠ ነገር አይቶ ገፋው። ሊላርድ ሰማ። ሙያው የሚተርከው የልደት ታሪክ ይሄ ነው። ፓልመር ከዚህ ተነስቶ የበሽታ ሁሉ ምንጭ ማለት ይቻላል ከቦታው የለቀቀ የአከርካሪ አጥንት ነው እስከ ማለት ሄደ። ያለ ፈቃድ ታክማለህ ተብሎም በ1906 እስር ቤት ገባ።

ሊላርድ ጥቁር ነበር። ሙያው በጥቁር ሰው ጀርባ ላይ ተጀምሮ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ለብዙ ዘመን ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ቆም አሉና «አሜሪካ!» ብለው ብቻ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የዲ.ዲ. ልጅ ቢ.ጄ. ፓልመር ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው። ዓለምን ዞሯል። ከእስያም ከየትም ያገኘውን ምስልና ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ ጭኖ ያመጣና ብሬዲ ስትሪት ላይ በሠራው የአትክልት ቦታ ይደረድረዋል። እዚያ አዞ ሁሉ ነበር፤ ሰው ከፍሎ ይገባ ነበር። ሰርከስ ይወዳል። የሰው አከርካሪ አጥንት በሺዎች ሰብስቧል። በ1922 የሬዲዮ ጣቢያ ገዛ፤ እዚያ ጣቢያ ላይ በ1932 ሮናልድ ሬገን የሚባል ሥራ ፈላጊ ወጣት ተቀጠረና ስፖርት ማስተላለፍ ጀመረ። የኋላው ፕሬዚዳንት ማለት ነው። የቢ.ጄ. ቤት አሁንም እዚያው ቆሟል። ጀብዱ ማለት መዞር ከሆነ ቢ.ጄ.ን የሚያክል የለም።

እኔ ግን የሄድኩት ላልዞረው ሰው ነው። ጎንስቴድ ከዚሁ ትምህርት ቤት በ1923 ተመርቆ ወጣ፤ ማውንት ሆሬብ ገባ፤ እዚያው ኖረ፤ አለቀ። ታሪኩ እንዲህ ሲሉት አጭር ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ከቢ.ጄ. የዓለም ዙር ጉዞ ይልቅ የእሱ አንድ ቦታ መቀመጥ ነው ጀብዱ የመሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት፣ አይዋ ውስጥ ካለችው ከዱቡክ የሚሲሲፒን ድልድይ ተሻግረን ዊስኮንሲን ገባን። መንገዱ 151 ነው፤ በፕላትቪል፣ በሚኔራል ፖይንት፣ በዶጅቪል ያልፋል። ኮረብታ፣ በቆሎ፣ ቀይ ጎተራ፣ ላም። እንደገና ላም። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም አንድ ከረጢት አይብ ገዛሁ። እዚህ አገር ከርድ ይሉታል፤ ጠብደል ጠብደል ያለ ትኩስ አይብ ነው፣ ስታኝከው ጥርስ ላይ ሲጢጥ ይላል። ለጋሼ ዘረጋሁላቸው። አይተውኝ ዝም አሉ። ዓርብ ነው ለካ። ከኋላ ወንበር ፌስታላቸውን አወጡና በፎይል የተጠቀለለ ሽሮ ፍትፍታቸውን ያዙ። ዊስኮንሲን ድረስ መጥቶ አይብ ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው ካለ ጋሼ ናቸው።

ማውንት ሆሬብ ዛሬ ከ7 ሺህ የሚበልጥ ሰው አላት። ስሟ ሙሴ ቁጥቋጦው ሲነድ ካየበት ከኮሬብ ተራራ ነው። ነዋሪው ብዙው የኖርዌይ ዘር ነው። ዋናው መንገድ ላይ አፍንጫቸው የረዘመ፣ ከእንጨት የተጠረቡ ጭራቆች ቆመዋል፤ ትሮል ይሏቸዋል፤ የኖርዌይ ተረት ናቸው። እንደሚባለው አንድ ሱቅ ደጁ ላይ ትሮል ሲደረድር፣ የሚያልፉ የትራክ ነጂዎች በሬዲዮ እየተጠራሩ መንገዱን «የትሮል ጎዳና» ብለው ሰየሙት። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። «አየህ? ስም ያወጣነው እኛ ነን» አሉ። ከአንዱ ትሮል ጋ ፎቶ አነሳኋቸው።

ጎንስቴድ የተወለደው በ1898 ሳውዝ ዳኮታ ነው፤ ያደገው ግን ከዚህ ብዙ በማትርቅ ፕሪምሮዝ በምትባል ሰፈር፣ የወተት ላሞች ባሉበት እርሻ ላይ ነው። ልጅ ሆኖ የሚወደው ሞተር ነበር፤ መኪናና ትራክተር ይፈታል፣ ይገጥማል። ሃያ ሳይሞላው ሪህ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያዘውና አልጋ ላይ ጣለው። በዘመኑ የተሞከረው ሁሉ አልሆነም። አክስቱ አንድ የማዲሰን ካይሮፕራክተር አስመጣችለት። ተነሳ። እንግዲህ በራሱ አካል ያየውን ማን ያስተወዋል? ሙያውን ሊማር ዳቨንፖርት ሄደ።

መካኒክነቱ ግን አልለቀቀውም። የሰው አካል ሲያይ መሠረቱን ነው የሚያየው። ዳሌ ካዘነበለ ከላይ ያለው ሁሉ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከታች ጀምር፣ ሁሉንም አትግፋ፣ የተበላሸውን ብቻ ፈልገህ ግፋ ይላል። ሙሉ አከርካሪውን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ትልቅ ራጅ ያነሳል። በሁለት ጣት መሳይ ጫፍ ጀርባ ላይ እየተጎተተ የግራና የቀኝ ሙቀት ልዩነት በሚለካ መሣሪያ ይፈትሻል። ከዚያ በእጁ ይዳስሳል።

«አላይመንት ነዋ!» አሉ ጋሼ። «ጎማው እየበላ ያለው በአንድ በኩል ከሆነ ጎማ መቀየር ምን ያደርጋል?»

ከዚህ በላይ ላስረዳ አልችልም።

መጀመሪያ የሠራው ባንክ ፎቅ ላይ በተከራየው ክፍል ነው። ቀን ቢሮው፣ ማታ ደግሞ በየገበሬው ቤት እየዞረ። የዊስኮንሲን ክረምት ምን እንደሆነ የቺካጎ ሰው ይገምታል፤ የ1920ዎቹን መኪናና የገጠር መንገድ ጨምሩበት። ወሬው ከገበሬ ወደ ገበሬ፣ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሄደ። በ1939 የራሱን ክሊኒክ ሠራ። ጠበበው። በ1964 ከከተማው ጫፍ ላይ ሌላ ገነባ፤ መጠበቂያው ብቻ ከ100 ሰው በላይ ያስቀምጣል። አጠገቡ ለበሽተኞች ማደሪያ ሆቴል ተሠራ። በራሳቸው አውሮፕላን ለሚመጡትም ማረፊያ ሜዳ ተዘጋጀ፤ ከዚያ በመኪና ይወሰዳሉ። ያኔ ከተማዋ ከዛሬዋም በጣም ያነሰች ነበረች። እዚህ አልጋ ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሳስብ ትዝ ያለኝ የጠበል ቦታ ነው፤ ያው ተስፋ፣ ያው ወረፋ።

እሱም ወረፋው ሳያልቅ አይሄድም ነበር። እኩለ ሌሊት ያልፋል። እሑድም ይሠራል። ከ1954 ጀምሮ ደግሞ ሌሎች ካይሮፕራክተሮችን ያስተምር ነበር፤ ጋሼን ያሻቸው ሰውዬ ዘዴውን ያገኘው በዚያ ሰንሰለት ነው። ኤልቪራ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ልጅ አልወለዱም።

ቡና ልንጠጣ የገባንበት ቤት አንዲት አሮጊት ከጋሼ ጋ ወሬ ጀመሩ። እዚህ አገር ሽማግሌዎች በወገብ ጉዳይ ቶሎ ይግባባሉ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ከእርሻ ሥራ በኋላ ይዘዋቸው ይመጡ እንደነበር አጫወቱን። አባት ተራቸውን ሲጠብቁ እሳቸው ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሲነቁ ውጭው ጨለማ ነው፤ አዳራሹ ግን አሁንም ሰው አለበት። «ታርጋ እንቆጥር ነበር» አሉ፤ የትኛው መኪና ከየትኛው ስቴት እንደመጣ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ጠረጴዛውን ጫን አደረጉ፤ ሰውዬው ጣቱን እንዲህ አሳርፎ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቋ! ጋሼ ሳያውቁት ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

አሁን የኔን ሐሳብ ልናገር። የፓልመርን የመጀመሪያ አስተምህሮ፣ በሽታ ሁሉ ከአከርካሪ ነው የሚለውን፣ አልቀበልም። ማስረጃ የለውም። ለወገብ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ነገሮች አንዱ ነው። የሚሰጠው ጥቅም መጠነኛ ነው፣ ተአምር አይደለም። አንገት ላይ ሲሆን ደግሞ አልፎ አልፎ የደም ሥር የሚቀደድበት ጊዜ ስላለ እኔ አንገቴን ለማንም አልሰጥም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ካይሮፕራክተሮችን ለማግለል አድሟል ተብሎ ተከሶ በ1987 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው።

እኛም ጋ ወጌሻ አለ። የጋሼ አያት ወጌሻ ነበሩ፤ ወለም ያለውን በቅቤ እያሹ ይመልሱ ነበር። በዚያው ልክ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም አጥቶ በስብሶ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቆረጥበት ልጅ ብዙ ነው። ካይሮፕራክተር ስብራት አይነካም፤ ያ ልዩነት መታወቅ አለበት። ግን የጎንስቴድ ነገር ሲገባኝ፣ ሰው ከዚያ ሁሉ ርቀት የመጣው ለንድፈ ሐሳቡ አልነበረም። ሌሎች ጋ በሩጫ የታየ ሰው እዚህ አንድ ጣት ጀርባው ላይ ዝም ብሎ ይቆይለታል። ጋሼም ስለ ሰውዬአቸው ሲናገሩ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ «አይቸኩልም»።

ክሊኒኩ አሁንም ይሠራል። ደጁ ቆመን አየነው። ጋሼ ልግባ አልግባ ብለው ትንሽ አመነቱ፤ ቀጠሮ የለንም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አንረብሽ ብለው ተዉት። ግን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ዞር ዞር ብለው ታርጋ አነበቡ። ቺካጎ ያለችበትን ኢሊኖይን ሲያገኙ «የእኛ ሰው!» አሉ። ቀጥሎ ያገኙት ግን የራሳችን መኪና ነበር።

መመለሻችንን በፕሪምሮዝ አደረግነው። ሰፈሯ እርሻ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና እርሻ ናት። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ስልካቸው ላይ ካርታ ያስሳሉ። ዲ.ዲ. ፓልመር የተወለደበት ቦታ ቶሮንቶ አጠገብ መሆኑን አግኝተዋል።

«ስማ» አሉኝ፣ «ፓስፖርትህ መቼ ነው የሚያልቀው?»